ወደ ቡልቡላ የደረብኩት ነጠላ

አዳማ፣ ማለዳ

ቅዳሜ ማለዳ ከአዳማ መናኸሪያ የተነሳሁት የገመቹን እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት ነው። ገመቹ ልንጋባ የተስማማን ሰው ነው፤ ሽማግሌ ገና አልላከም። ታናሽ እህቱ በመመረቋ ቡልቡላ በሚገኘው የእናቱ ቤት ድግስ ተደግሷል፣ እሱም ቀድሞ ሄዷል። ለእናቱ የነገራቸው ይህንን ብቻ ነው፦ «ቅዳሜ ሁለት መምህራን ከአዳማ ይመጣሉ፤ አንዷ የኔ ናት።» የትኛዋ እንደሆነች አልነገራቸውም። «እናቴ ሰው ታውቃለች፤ ራሷ ትለይሽ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሁለተኛዋ መምህርት ሐዊ ነበረች።

ሐዊ በአንድ ትምህርት ቤት አብራኝ ትሠራለች። እሷ አፋን ኦሮሞ፣ እኔ ሳይንስ እናስተምራለን። አብራኝ እንድትሄድ የለመንኳት እኔው ነኝ፤ እናቴ «ሴት ልጅ ለእንዲህ ያለ ነገር ብቻዋን ሰው ደጅ አትቆምም» ስላለች። ሐዊ ደግሞ ያደገችው ባቱ ነው፤ መንገዱንም ቋንቋውንም ታውቃለች። እሺ ባለችኝ ቅጽበት ግን ተጸጸትኩ።

ምክንያቱን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ሐዊ ከእኔ የበለጠ ልብስ የላትም። ያላት ሁሉ ከሰልባጅ ተራ የተመረጠ ነው፦ ነጭ ሸሚዝ፣ ግራጫ ሰደርያ፣ የሰናፍጭ ቀለም ያለው ስስ ሹራብ፣ ቡናማ ኮት። እኔ ለየበዓሉ አዲስ እገዛለሁ። ሆኖም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንገት ሁሉ የሚዞረው እሷ ስትገባ ነው። ባለፈው እንግዶች ሲመጡ ርዕሰ መምህራችን አዲስ ቀሚስ ለብሼ ከፊቱ የቆምኩትን እኔን አልፎ «መምህርት ሐዊ ትቀበላቸው» አለ። የዚያን ቀን ምሳ አልወርድልሽ አለኝ። ምን አላት? እያልኩ ስመረምራት ቆየሁ። ልብሶቹ ተራ ናቸው፤ ተራ የማይሆኑት አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረቡ ነው።

መናኸሪያው በር ላይ ስትጠብቀኝ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ፣ ያንን ሹራብ ደርባ፣ ኮቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ነበር። ነጠላዋ በአንገቷ ዞሮ ጥለቱ ደረቷ ላይ ወርዷል። እኔ ለዕለቱ የገዛሁትን፣ ደረቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ዶቃ ያለውን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሻለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ የጂንስ ጃኬትና እናቴ በግድ የሸጎጠችልኝ ነጠላ አለ።

«ቀሚስሽ ያምራል፣ ምህሬ» አለችኝ።

ቀሚስሽ ያምራል ማለት አንቺ ታምሪያለሽ ማለት እንዳልሆነ ማንም ያውቃል።

የሚኒባሱ ረዳት ደግሞ ነገሩን አባሰው። ሐዊን ሲያይ ከመኪናው ወርዶ የፊቱን በር ከፈተላት። «እህት፣ አንቺ ጋቢና! ወንበሩም ይከበር እንጂ!» ወደ እኔ ዞረና «አንቺኛዋ፣ ከኋላ ጠጋ ጠጋ በይ። ቀሚስሽን ሰብሰብ አርጊው፣ በር ይዞት እንዳይቀር» አለኝ። በአንድ ጆንያ ሽንኩርትና በአንድ ወታደር መሃል ተቀመጥኩ።

ሞጆና ቆቃ

ከአዳማ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ ሞጆ ይመለሳል። ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ተሰልፈው መንገዱን ስለያዙት እዚያ ትንሽ ቆምን። ማለዳው ቀዝቃዛ ነበር፤ በመስኮቱ የሚገባው ንፋስ ዶቃዎቼን ሳይቀር አቀዘቀዛቸው። ከፊት የሐዊን ማጅራት አያለሁ። ኮቷን በደንብ ለብሳ፣ የሸሚዟን ኮሌታ በሹራቡ ላይ አውጥታ፣ ከሾፌሩ ጋር ትስቃለች።

ቆቃ ስንደርስ ተሳፋሪው ቲማቲም ልግዛ አለና ወረድን። በስተግራ ውኃው ገና ጉም ለብሶ ይታያል። ሴቶች በገመድ የታሰረ አሳ ከፍ አድርገው «ትኩስ ነው! አሁን የወጣ ነው!» ይላሉ። ይህን ጊዜ ነው ሐዊን የጠየቅኳት፤ ቀጥታ መጠየቅ ግን ሞቴ ነው።

«ሐዊ፣ ተማሪዎቼ ልብስ ስለመደረብ ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው?»

«የሳይንስ ተማሪ ስለ ሹራብ ይጠይቃል እንዴ?»

«ስለ ሙቀት እያስተማርኩ ነው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ሳቋን ዋጠች። ከዚያ ግን ሳትሰስት ነገረችኝ። «ውስጡ ስስ፣ ላዩ ደልደል ያለ ይሁን። ከውስጥ ያለው ጠፍቶ አይቅር፤ በአንገትና በእጅጌ ጫፍ ትንሽ ብቅ ይበል። የሚያብለጨልጭ ካለ አንድ ብቻ። ደግሞ ሲሞቅሽ ላይኛውን ብታወልቂው የቀረው ራሱን የቻለ ልብስ መሆን አለበት። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።»

እንደ መምህር ስመዝነው ትክክል ነው። በሁለት ስስ ልብሶች መሃል የሚቀረው አየር ከአንድ ወፍራም ልብስ የተሻለ ሙቀት ይይዛል። የስምጥ ሸለቆ ጠዋትና ቀትር ደግሞ ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው፤ ጠዋት የለበስከውን ቀትር ላይ ማውለቅህ አይቀርም። ሐዊ ስታወልቅም ታምራለች። እኔ የማወልቀው አንድ ቀሚስ ብቻ ነበረኝ። ይህን ሁሉ እየተረዳሁ መቅናቴን ማቆም ግን አልቻልኩም።

ባቱ፣ ምሳ

ዓለም ጤናንና መቂን አልፈን ባቱ ስንደርስ ፀሐይዋ ከርራለች። በመቂ በኩል መንገዱን የሞላው ፓፓያ ነው፤ ከባቱ በፊት ደግሞ የአበባ እርሻዎቹ ነጫጭ ጣሪያ ዓይን ይወጋል። መኪና ስለምንቀይር ሐይቁ አጠገብ አሳ ጥብስ በላን፤ ለሁለታችን አንድ ሰሃን በቃን። ሐዊ ሹራቧን አውልቃ እጅጌዎቹን ትከሻዋ ላይ አሰረች። አስተናጋጁ ሎሚውን ያቀረበው ለእሷ ነው፤ እኔ ጠይቄ ተሰጠኝ።

«ቀሚስሽ ላይ ኮቴን ጣል አድርጊው» አለችኝ፣ «ቡናማና አረንጓዴ ይሄዳሉ።»

«አመሰግናለሁ፣ የራሴ አለኝ» አልኳት።

የራሴን ይዤ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄድኩ። መስተዋቱ ትንሽ ነው፤ ከደረት በላይ ብቻ ያሳያል። በዶቃዎቹ ላይ ጃኬቱን ለበስኩ፤ ጥሩ ሆነ። ኮሌታውን አወጣሁ፤ ይበልጥ ጥሩ ሆነ። ነጠላውን እንደ ሐዊ አዞርኩት፤ ነገር ግን ጥለቱ ወደ ታች ሲወርድ ከመስተዋቱ ውጭ ይቀራል። ውብ ጥለት ነው፣ አረንጓዴው ከቀሚሴ ጋር አንድ ነው፣ ይቅር እንዴት ይባላል? ገለበጥኩትና ጥለቱን ወደ ላይ አምጥቼ አንገቴና ትከሻዬ ዙሪያ አደረግኩት። ፊቴ በራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐዊን የበለጥኳት መሰለኝ።

ጥለት ወደ ላይ የሚደረገው በኀዘን መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ጴንጤ ቤት ባድግም ለቅሶ ሄጄ አውቃለሁ። በዚያች መስተዋት ፊት ግን የታየኝ ቀለሙ ብቻ ነበር።

ሐዊ ፓፓያ ልትገዛ ወጥታ ስለነበር አላየችኝም። በሁለተኛው መኪናም ጋቢና ተሰጣት፤ እኔ ከኋላ ገባሁ።

ቡልቡላ

የእነ ገመቹ ቤት ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም፤ በባጃጅ ደረስን። ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ሰው በአግዳሚ ወንበር ተቀምጧል። ሐዊ የፓፓያውን ፌስታል ይዛ ከባጃጁ ወርዳ ከሾፌሩ መልስ ትጠብቅ ነበር፤ እኔ ቀድሜ ልገባ ቸኮልኩ። መጀመሪያ እኔን ይዩኝ ብዬ ነው።

ከድንኳኑ አንዲት ረጅም ሴት ወጡ። የገመቹ እናት አዴ ጫልቱ መሆናቸውን በግንባራቸው ለየሁ፤ የልጃቸው ነው። ፈገግ ብዬ ልሳም ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ግን ነጠላዬን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ማን ሞተ?»

«እማማ፣ እኔ—»

«ልጄ ነው? ሞተሩ ነው? ተናገሪ እንጂ! ወዮ፣ ወዮ ልጄን!»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ኋላ እንደሰማሁት፣ ገመቹ ጠዋት በሞተር ለስላሳ ለማምጣት ወደ አርሲ ነገሌ ወጥቶ ስልኩ አልነሳ ብሏል። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተልኮ ነው የሚመጣው። የማያውቋት ሴት፣ ከመንገድ፣ ነጠላዋን ገልብጣ ደጃቸው ቆመች። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነሳ። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። እኔ ስለ ሙቀት አንድ ሰዓት ሙሉ ማስተማር የምችለው መምህርት አንድ ቃል ጠፋኝ።

ሐዊ ፓፓያውን ጥላ ሮጠች። ነጠላውን ከአንገቴ ጎትታ አወጣችና አዴ ጫልቱን አቀፈቻቸው። «ነጋ ዳ፣ ሃዳ ኮ! ነጋ ዳ!» ሰላም ነው እናቴ፣ ማለቷ ነው። ደጋግማ አለቻቸው፤ ጀርባቸውን እያሻሸች፣ ለሕፃን እንደሚባለው። አዴ ጫልቱ ትንፋሻቸው ሲመለስ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት። ኮሌታዋን አዩ፣ በትክክል የወረደውን ጥለቷን አዩ።

«ኢንታላ ኮ! ልጄ! አንቺ ነሻ! ለየሁሽ!»

እጇን ይዘው አስገቧት፤ ከጎናቸው አስቀመጧት። እኔን አንድ ሰው አግዳሚው ጫፍ ላይ አስቀመጠኝ፤ ነጠላዬ ጭኔ ላይ ነበር። የአርሲ ጭኮ መጣ፤ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራው። የመጀመሪያው ማንኪያ ለሐዊ። ሁለተኛውም ለሐዊ። «እማማ፣ እኔ እኮ…» ስትል ሦስተኛው አፏን ሞላው። ሴቶቹ «አቤት አለባበስ፣ አቤት እርጋታ! ገመቹ ሰው አገኘ!» ይላሉ። ሐዊ በሞላ አፏ ወደ እኔ ታያለች። ደስ ብሏት ነው አልኩ በልቤ። እያጣጣመችው ነው።

ከውጭ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ሰው ሁሉ «መጣ!» አለ፤ አዴ ጫልቱም ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ታየኝ፦ ገመቹ ገብቶ «አይደለችም፣ ያቺ ናት» ብሎ ጫፍ ላይ ወዳለችው ሲጠቁም። ተጠቁሞብኝ ከምለይ ራሴ ተናግሬ ልዋረድ ብዬ ተነሳሁ።

«አዴ ጫልቱ» አልኩ። «የገመቹ እኔ ነኝ።»

ሐዊ ጭኮውን ዋጠችና «እህ!» ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። «እስከ መቼ ልትጠብቂ ነበር? ልታፈነዱኝ ነው እንዴ!»

አዴ ጫልቱ ተነስተው ፊቴ ድረስ መጡ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«የገደልሽኝ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። «የባሌን መርዶ ያመጡልኝ እንዲህ አድርገው ለብሰው ነው» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ነጠላውን ከእጄ ወሰዱ፤ ዘረጉት፤ ጥለቱን ወደ ታች አዙረው በጃኬቴ ላይ ራሳቸው ደረቡልኝ። ጫፉን በእጃቸው አስተካከሉ። «ስሚ። በኔ ቤት ጥለት ወደ ታች ነው። ወደ ላይ የምታደርጊው እኔን ስትቀብሪኝ ነው። ያኔ ከፊት ትቆሚያለሽ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ገመቹ የለስላሳ ሳጥን ተሸክሞ ሲገባ ሁለታችንም እናለቅስ ነበር።

«ለየሻት?» አላቸው ምንም ሳያውቅ።

«ልትገድለኝ ስትል ለየኋት» አሉት።

መልስ

ስንሰናበት አዴ ጫልቱ ለእኔ አንድ ጣሳ ጭኮ ሰጡኝ። ለሐዊም አንድ ጣሳ፤ እኩል ነበር፣ አይቻለሁ። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አሉ። «ታናሽየው ልጄ ሐዋሳ ነው፤ ገና አላገባም። ያቺን ጓደኛሽን ጠይቂልኝ እስቲ።»

ሞጆ ላይ ሲመሽ ብርዱ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ሁለታችንም ከኋላ ነበር የተቀመጥነው፤ ሐዊ ጋቢናውን ለአንዲት አሮጊት ለቃ ነው። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምታ ሳትጠይቀኝ ቡናማ ኮቷን ከላይ ደረበችልኝ። «ቡናማና አረንጓዴ ይሄዳሉ ብዬሽ አልነበር?» አለችና በሹራቧ ብቻ ተኛች።

ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ «ወደዱሽ?» አለችኝ።

«ነጠላዬን አስተካከሉልኝ» አልኳት። ገባት፤ እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኩ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ሐዊ ቆቃ ላይ ከነገረችኝ አይርቅም፦ ከውስጥ የለበሱት ምንም ቢደርቡበት በአንገትና በእጅጌ ጫፍ ብቅ ይላል። የእኔ ቅናት ቡልቡላ ድረስ በአንገቴ ዙሪያ ታይቶ ሰው አስለቅሷል። ስለ ልብሱም ተምሬያለሁ፤ ዶቃው በኮት ሥር ትንሽ ብቻ ሲታይ በእርግጥ ያምራል። እናቴም «ይህን ኮት ከየት ገዛሽው? እንዴት ያምርብሻል!» ብላለች።

ኮቱን ሰኞ እመልሳለሁ። የአዴ ጫልቱን መልእክት ግን ገና እያሰብኩበት ነው።