የተሰረዘው ሰባተኛ ገጽ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህችን ዘልዬ ነው የተነሣሁት።

ወንድሜን የገደለው ወባ ነው ይላሉ። እዚሁ ሱዳን፣ ባሱንዳ፣ የሰሊጥ አጨዳ ላይ። ወደ ባሱንዳ የሰደድሁት ግን እኔ ነኝ።

ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ ይማር ነበር፤ ጦርነቱ አቋረጠው። ተሰደን ገዳሪፍ ከገባን በኋላ ከሣር በሠራናት ረኩባችን ጥላ ሥር ተቀምጦ አስራ አንድ ገጽ ጻፈ። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ሂሳብ ግን አይገባኝም።

«ፈተናውን ተኝተህ ነው የወሰድከው?» ይለኝ ነበር።

«የለም ወንድምጋሼ፣ ነቅቼ ነው የወደቅሁት።»

ይስቅና ያስረዳኛል። ሙሉ ቁጥሮችን ውሰድ፤ ብትደምር፣ ብትቀንስ፣ ብታባዛ ከውስጡ የማትወጣበት እንዲህ ያለ ስብስብ ሪንግ ይባላል። የሁለት ብዜቶች አይዲያል ናቸው፤ አንዱን በየትኛውም ሙሉ ቁጥር ብታባዛው ከመካከላቸው አይወጣም። አሁን ለሁለት ማካፈልን ፍቀድ። ሪንጉ ሰፋ። ሁለትን በግማሽ ስታባዛ አንድ ሆነ፤ አንድ ከገባ ደግሞ ሁሉም ይገባል፣ አይዲያሉ ራሱ ሙሉ ሪንጉ ይሆናል። እንደ አይዲያል ጠፋ ማለት ነው። የሦስት ብዜቶች ግን ይተርፋሉ። የሱ ጥያቄ ይህ ነበር፦ የተረፉትን አይዲያሎች ብቻ አይቶ የሰፋውን ሪንግ መለየት የሚቻለው በየትኞቹ ኢንቲግራል ዶሜይኖች፣ ማለትም ዜሮ ያልሆኑ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው ዜሮ በማይሆኑባቸው ሪንጎች፣ ላይ ነው?

ስልክ የነበረኝ እኔ ነኝ። ገጾቹን ፎቶ አንስቼ ለዩኒቨርሲቲ መምህሩ እንድልክለት ሰጠኝ። ትክክል ከሆነ መምህሩ ውጭ አገር የትምህርት ቦታ ሊፈልግለት ቃል ገብቶ ነበር። ፎቶ አነሣሁ። አልላክሁም። «ላክኸው?» ሲለኝ «ልኬዋለሁ» አልሁት። ለምን? ትቶኝ ይሄዳል ብዬ። እዚህ ብቻዬን ልቀር ነው ብዬ። ይህ ምክንያት ነው? አይደለም።

የባሰ አለ። መምህሩ የተማሪው ሥራ ላይ ስህተት ካየ ምንም አይልም። ተማሪው ራሱ እስኪያገኘው ዝም ይላል። ትክክል ከሆነ ግን በዚያው ቀን አንዲት ቃል ይጽፋል። ወንድሜ ይህን ስንት ጊዜ አጫውቶኛል። ዝምታው ምን ብሎ እንደሚነግረው እያወቅሁ ዝም አልሁ። እኔ ነኝ ዝም ያልሁት።

ሦስት ሳምንት ጠበቀ። ከዚያ ስህተቱን ይፈልግ ጀመር። አንድ ቀን ሰባተኛው ገጽ ላይ «አገኘሁት» አለና ገጹን ከላይ እስከ ታች ሰረዘው። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው ራሴን የዋሸሁት» አለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ። እሱ ነው የዋሸው? እኔ አቀርቅሬ ጫማዬን አሰርሁ። በማግስቱ ወደ ባሱንዳ ከሚሄዱ አጫጆች ጋር ሎሪ ላይ ወጣ።

ከቀብሩ በኋላ ስልኬ ውስጥ ያሉትን ገጾች ላክሁ፤ ሳይሰረዙ የተነሡትን። ለማን ብዬ? ለሱ አይደለም። ስህተት እንዲሆኑ ፈልጌ ነው። ስህተት ከሆኑ ጥፋቴ ይቀልልኝ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሱ መጣ።

«ቀጥል» ይላል።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር የሚለኝ ባሱንዳ ተኝቷል። ለመምህሩም ሞቷል ብዬ አልጻፍሁለትም፤ እስካሁን አስራ ሁለተኛውን ገጽ ይጠብቃል። እኔም ዝም ብያለሁ። ዝም ማለት እችልበታለሁ።