የፖሎኔዙ የበጋ ጎማዎች

እህቴ ዳኑታ ጥላዋን የምትጠረጥር ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሰው መኪና በተጎታች እያመላለሰች ነው የምትኖረው። ደንበኛ "ፍሬኑ ይሠራል" ቢላት፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ሳትሸጉጥ አትነካለትም። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ትላለች። ሰው ሁሉ ሌባ ሆኖባት እንዴት እንደምትኖር እንጃላት!

የምታምነው ልጇን ኮርኔልን ብቻ ነበር። አባቱ የተወለትን አሮጌ ፖሎኔዝ መኪና ሞላውን ቆርጦ መሬት ሊልስ እስኪደርስ ዝቅ አድርጎት፣ ስንት ዘመን ሲፈታውና ሲገጥመው የኖረ ልጅ ነው። ታዲያ ያ መኪና በከተማችን በሱቫውኪ በረዶ ላይ በራሱ ይሂድ ማለት ዘበት ነው።

በጥር አንድ ጠዋት፣ ያውም ውርጩ አፍንጫ በሚቆርጥበት ቀን፣ "እማዬ፣ መኪናውን ኤውክ ከተማ ያለው ቀለም ቀቢ ጋ አድርሺልኝ። እኔ ሥራ አለብኝ፤ አጎቴ ዜኖን አብሮሽ ይሂድ" አላት። እኔን ማን ጠየቀኝ? ግን ሄድኩ።

ፖሎኔዙን ተጎታቹ ላይ ስናወጣ ሆዱ እንዳይፋቅ ዳኑታ ራሷ ለክታ ያስቆረጠቻቸው ጣውላዎች አሏት። ሁልጊዜ ሳይነካ ያልፋል። ያን ቀን ግን ከኋላ በኩል ክርርር አለ።

"ጣውላው በረዶ ይዞ ነው" አልኳት።

"ኋላው ከብዶታል። ዝም በል እስቲ ዜኖን።"

ኮርኔል ሁለቱንም ቁልፍ እጇ ላይ አስቀመጠና አቅፏት አልለቅ አላት። ጎማዎቹን በቀበቶ አስረን ወጣን።

ከተማውን ሳንለቅ ጀመረች። "ቀለም ቀቢ ሁለት ቁልፍ ምን ያደርግለታል?"

"አንዱ ቢጠፋ ነዋ!"

"እኔ ቁልፍ ጥዬ አውቃለሁ? ደግሞ ለምን እንደዚያ አቀፈኝ?"

"ልጅሽ ስለሆነ! ማቀፍም ወንጀል ሆነ?"

መንገዱ እንደ መስታወት ያንሸራትታል፤ እሷ ግን ከመንገዱ ይልቅ የኋላ ማሳያውን ነበር የምታየው። ነዳጅ ማደያ ስንደርስ ቀበቶዎቹን ላጥብቅ ብላ ወረደች፤ አላጠበቀችም። ተጎታቹ ላይ ወጥታ የፖሎኔዙን የኋላ ኮፈን ከፈተችና ብርድ ልብስ ገለጠች። አራቱም የበጋ ጎማዎች እዚያ ተደርድረዋል። እኛ አገር ጥር የበረዶ ክረምት ነው፤ የበጋ ጎማ በረዶው ቀልጦ ሙቀት እስኪመጣ አይገጠምም።

እኔም አፌን ያዝኩ። ቀለም ሊቀባ የሚሄድ መኪና እግሩ ላይ ያለው ጎማ ይበቃዋል። የሌላው ወቅት ጎማና ሁለተኛው ቁልፍ አብረው የሚሄዱት መኪና ሲሸጥ ነው። ይህን እኛ ጋ ሕፃንም ያውቃል።

ኮርኔል የቀለም ቀቢው ነው ብሎ ወደ ሰጣት ስልክ ደወለች። "ቀለሙ መቼ ይደርሳል?"

"የምን ቀለም እመቤቴ?" አለ ሰውዬው። "ልገዛው ነው እንጂ የምጠብቀው። ልጅዎ ዛሬ በአውቶቡስ ወደ ኖርዌይ ስለሚሄድ፣ እናቴ ታመጣልሃለች ብሎኝ ነበር።"

ተጎታቹ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። "ደህና ሁኚ ማለት አቃተው፣ ዜኖን። በገዛ መኪናው ከቤት አስወጣኝ።" አንጀቴን በላችው።

ተነስታ መሪውን ወደ መጣንበት ጠመዘዘች። "ቀስ በይ! ልትገይን ነው!" እያልኩ እጮሃለሁ፤ ማን ሰምቶኝ! ልጇ ሳታየው ሊያመልጣት ነው።

መናኸሪያው ስንደርስ ሻንጣ እየተጫነ ነበር። ኮርኔል መጀመሪያ ያየው መኪናውን ነው፤ ቀጥሎ እናቱን። ደነገጠ።

"እማዬ... ኤውክ አልሄድሽም?"

"በጥር የበጋ ጎማ ጭነህ ስትልከኝ ኮፈን አትከፍትም ብለህ ነው? እኔን?"

"ካየሁሽ መሄድ ያቅተኛል ብዬ ፈራሁ።"

"ማን አትሂድ አለህ? ተደብቀህ አትሂድ ነው የምልህ!" እያለቀሰች ጓንቷን በጥርሷ አወለቀችና ቁልፎቹን ከቀለበቱ ለየች። "ሁለቱም ቁልፍ ከቤት ከወጣ ተሸጠ ማለት ነው። አንዱን ያዝ። አንዱ እኔ ጋ ይቀመጣል።"

"ገዢው ሰውዬስ?"

"እሱን ለእኔ ተወው።"

አውቶቡሱ ሄደ። ዳኑታ ጓንቷን ሳታጠልቅ ቆማ ቀረች።

"ዜኖን፣ ቁልፉን የት ነው የከተተው?"

"ደረት ኪሱ ውስጥ።"

"በዓይንህ አይተሃል?"

"አይቻለሁ።"

"ማልልኝ።"

እዚያው ውርጩ ላይ ባርኔጣዬን አውልቄ ማልኩላት።