ማብቂያ ያጣው ስም

ቦንጋ ውስጥ በትምህርት ጽሕፈት ቤት ስቀጠር ግቢው ውስጥ የነበረው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነበር። እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። የመምህራን ዝውውር ዝርዝር በታይፕ መመታቱ ቀርቶ በእኔ ፕሮግራም እንዲታተም ኃላፊያችንን ለምኜ አስፈቀድኩ።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት ሲ በሚባለው ቋንቋ ነው። ያኔ በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የምንጠቀመው። ለእያንዳንዱ መምህር ስም የሃያ ፊደል ቦታ ሰጠሁ፤ ረዥም ስም ሞልቶ እንዳይፈስ ደግሞ “ከሃያ በላይ አትቅዳ” የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀምኩ። ከስሙ ቀጥሎ የዝውውሩ ምክንያት ይቀመጣል፤ ምክንያት ግን ምስጢር ስለሆነ አይታተምም። መምህራኑ የሞሏቸውን ቅጾች እኔ አላየኋቸውም። ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገቡት እትዬ የምላቸው ታላቅ ባልደረባዬ ነበሩ።

እውነቱን ልናገር፤ ወደ ቦንጋ ለመዛወር ካመለከቱት መምህራን አንዱ ልቤን ሰቅሎት ነበር። በየወሩ መጨረሻ ከሚያስተምርበት ከቢታ ገነት እየመጣ እኛ ዘንድ ፈተና ያባዛል፤ ተባዝቶ ካለቀ በኋላም ተቀምጦ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ያወራኛል። ስለ ሌላ ነገር አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እኔም እንዳልጀምረው ኩራቴ አይፈቅድም።

ዝርዝሩ በተለጠፈ ጠዋት ሰሌዳው ሥር ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሰው ገፍቼ ሳነብ የእሱ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ አለ፤ ከአያቱ ስም ጋር ደግሞ “ለጋብቻ” የሚል ተጣብቆበታል። አንድ ሽማግሌ “ለጋብቻ” የሚባሉት ቅድመ አያቱ ናቸው ወይ ብለው ከልባቸው ጠየቁ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ ተቋረጠ። ቦንጋ ውስጥ የሚያገባት ማን ናት?

ወደ ኮምፒውተሩ ሮጥኩ። ስሙ ልክ ሃያ ፊደል ነው፤ የሌሎቹ ሁሉ ከዚያ ያንሳል። በሲ ደግሞ ከስም መጨረሻ “እዚህ ላይ አበቃ” የምትል አንዲት ዜሮ መቀመጥ አለባት፤ ያ የተማመንኩበት ትእዛዝ ቦታው ከሞላ ዜሮዋን ትቷት ይሄዳል። ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ የሚመጣ ሚኒባስ በተሳፋሪ ጢም ብሎ ረዳቱን ጥሎ ሲነሳ ማለት ነው። “ወራጅ አለ” የሚል ስለሌለ ሹፌሩ ቦንጋን አልፎ ይነዳል፤ ኮምፒውተሩም ስሙን አልፎ ምክንያቱን አተመ። እትዬ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ብለው ታይፓቸውን መምታት ቀጠሉ።

አራት ሰዓት ላይ መምህሩ ራሱ መጣ። ይቅርታዬን ከዜሮው፣ ከሚኒባሱና ከረዳቱ ጋር ደባልቄ ዘበዘብኩለት።

“ኮምፒውተሩ ከራሱ ፈጥሮ ነው?” አለኝ።

“አይደለም፤ እርስዎ የጻፉትን ነው። ማቆሚያ አጥቶ ነው።”

“ማንን እንደማገባ ግን አላወጣም?”

እሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም አልኩት።

“አዎ፣ ልጅቷን ራሷን መጠየቅ ነበረብኝ” አለ ኮፍያውን እያሻሸ። “እኔ ግን ይኸው በየወሩ ስለ ዝናብ አወራታለሁ።”

የእትዬ ታይፕ ቆመ። ምሳዬን ልብላ ብለው ወጡ፤ በአራት ሰዓት። እኔ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ፤ ልቤ ጮቤ ረገጠ።

ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙን አረምኩ። አሥራ ዘጠኝ ፊደል ብቻ አስቀድቼ ሃያኛው ቦታ ላይ ዜሮዋን ራሴ አስቀመጥኳት። በአዲሱ ዝርዝር የአያቱ ስም አንድ ፊደል ጎደለው፤ ቅር አላለውም። የሠርጋችንን መጥሪያ ግን ኮምፒውተር አላስነካሁትም፤ አንድ በአንድ በእጄ ጻፍኩት።