አኬሎ ደሴት ከካርታ የጠፋችበት ኅዳር

የበደለኝ ሰው ጌታሁን ይባላል። የበደለኝም ኢንተርኔት ቢሮአችን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር ነው። ስሙን የምጠራው በሕይወት ስላለ ነው፤ የምጽፈው ሐሰት ከሆነ መጥቶ ያስተባብል።

ባለፈው ሳምንት እህቴን ልሸኝ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ከአዲስ አበባ ከገቡት መንገደኞች መካከል አየሁት። ጸጉሩ ነጥቷል፤ ሆዱ ከፊት ከፊቱ ይሄዳል። እንደ ዘመድ እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ዘሀራ፣ አለሽ እንዴ? መንግሥት መገልበጡን ተውሽው ወይስ እንዳለሽ ነሽ?»

«አለሁ» አልኩት።

እጄን ጨብጦ፣ ሻንጣውን እየጎተተ ሄደ። ከዚያ ሁሉ ነገር በእሱ ዘንድ የቀረችው ይህች ቀልድ ብቻ መሆኗ አናደደኝ። ወደ ከተማ ስመለስ ሚኒባሱ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት በላይ የቆመውን ሣር እያየሁ፣ እኔ የማስታውሰውን ለመጻፍ ወሰንኩ።

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። በአንድ የመንግሥት ቢሮ ካርታ ነዳፊ ነበርኩ። ስለ ቤቴ ኑሮ አልጽፍም፤ ለዚህ ታሪክ አያስፈልግም። ስለ አባቴ ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አባቴ ከወሎ ወደዚህ በሰፈራ ሲመጣ እኔ ልጅ ነበርኩ። «ሰው የሌለበት ለም መሬት» ተብሎ ነበር የተነገረው። ደርሰን ስናይ ሰው ነበረበት። የሚያርሱ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ እኛን ቆመው የሚያዩ ሰዎች። አባቴ ይህን ባነሳ ቁጥር፣ እስኪሞት ድረስ፣ ድምፁ ዝቅ ይል ነበር። ካርታ ላይ ባዶ ቦታ ሳይ የማልወደው ለዚህ ነው።

ጌታሁን የቢሮው የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበር። በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚሠሩትን ካርታ ያሳየኝ እሱ ነው፤ ይህን አልክድም። ማንም ሰው ገብቶ መንገድ፣ ቤት፣ ወንዝ መሣል ይችላል። የሣልከውን ሌላው ያርመዋል፣ ወይም ያጠፋዋል። ከሕጎቹ ሁሉ የሚበልጠው አንድ ነበር፦ መሬት ላይ ያለውን ብቻ ሣል። ከሥራ ሰዓት በኋላ አራት ሆነን ኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ እንቀመጥ ነበር። የጣሪያው ማራገቢያ ሞቃቱን አየር ከማዞር በቀር ፋይዳ አልነበረውም። ከበር ላይ በላስቲክ የገዛነውን ማንጎ እየላጥን፣ ጣታችንን በወረቀት እየጠረግን እንሠራ ነበር።

ጌታሁን የሚወደው ባሕር ነው። ባሕር ቀርቶ ሐይቅ በሌለበት ከተማ ተቀምጦ፣ ሁለት አገሮች ስለሚጣሉበት የባሕር ድንበር ሲከራከር ይውል ነበር። አንዱ ወገን መስመሩን ወደዚያ ይገፋል፤ ሲነጋ ሌላው ወደዚህ ይመልሰዋል፤ ጌታሁን መሃል ገብቶ ደስ ባለው በኩል ያሰምራል። የኔ ሥራ ሌላ ነበር። በዓለም ላይ ራሳቸውን በራሳቸው ያነገሡ ሰዎች አሉ፤ አንዱ ባሕር ውስጥ በቀረ አሮጌ የሲሚንቶ መድረክ ላይ ወጥቶ ንጉሥ ነኝ ይላል፤ ሌላው ጓሮውን ሪፐብሊክ ብሎ ያውጃል፤ ከዚያ ካርታው ላይ አገር አድርጎ ይሥለዋል። እኔ እነዚህን እየፈለግሁ አጠፋ ነበር። ድንበሩ ላይ የሚያስቆም ሰው አለ ወይ? ከሌለ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምክንያት እጽፋለሁ፦ «የምናብ አገር ነው። መሬት ላይ የለም።» ጎበዝ ነበርኩ። ባልደረቦቼ መንግሥት ገልባጭ አሉኝ። ጠዋት ስገባ «ዛሬ ስንቱን ገለበጥሽ?» ይሉኛል። ያለ ጥፋቱ የገለበጥኩት ይኖር ይሆን ብዬ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

በጥቅምት ጌታሁን ያሰመረውን አንድ የባሕር ድንበር ውጭ አገር ያሉት ፈቃደኞች ከየት እንዳመጣው ጠየቁት። አልመለሰም። እኔ አውቅ ነበር፤ ከመደርደሪያችን ላይ ካለው የትምህርት ቤት አትላስ ነው የቀዳው። ከታተመ ካርታ መቅዳት ደግሞ ክልክል ነው። እውነቱን ሁሉም በሚያዩት ቦታ ጻፍኩ። መስመሩ ተነሣ፤ እሱም ለአንድ ወር ታገደ።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ፣ እህቴ» አለኝ።

«አትቅዳ ተብለሃል።»

«እና ባሕሩ ላይ ሄጄ ልለካው?»

«ካልሄድክ አታስምረው። ውኃ ላይ ድንበር የለም።»

ያልኩትን በማለቴ ዛሬም አልጸጸትም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን ምነው ባልተናገርኳት።

ከከተማው በታች፣ የባሮ ወንዝ ሲጎድል፣ ከውኃው መሃል ደለል የለበሰ የአሸዋ ደሴት ብቅ ይላል። ሴቶች በቆሎ ይዘሩበታል። መጀመሪያ በዘራችበት ሴት ስም አኬሎ ይሉታል። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ አሪየት በምትባል፣ እዚያ በምትዘራና ገበያ ላይ ዓሣ በምትሸጥልኝ ሴት ታንኳ ተሻግሬ፣ ጂፒኤስ ይዤ ዙሪያውን በእግሬ ዞሬ ሥዬው ነበር። ከሣልኩት ሁሉ በእግሬ የለካሁት እሱን ብቻ ነው።

ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ካርታውን ስከፍት ደሴቱ የለም። ያጠፋው እገዳው ያለቀለት ጌታሁን ነው። ምክንያቱን ጽፎታል፦ «የምናብ አገር ነው። መሬት ላይ የለም።» በራሴ ቃል። ልመልሰው ብሞክር ውጭ አገር ያሉት ፈቃደኞች ከለከሉኝ። የሳተላይቱ ፎቶ በክረምት የተነሣ ስለሆነ፣ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነው የሚታየው። ማስረጃ አምጪ አሉኝ።

ጌታሁን ወንበሩን እያሽከረከረ «የአኬሎ ንግሥት፣ ዙፋንሽን ውኃ ወሰደው?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም የቢሮ ሳቅ ሳቅኩ።

አርብ ዕለት አሪየት ቢሮ ድረስ መጣች። በር ላይ ቆማ መግባት አልፈለገችም።

«ሰዎች መጥተው ነበር» አለች። «አሸዋ የሚያወጡ። ወረቀት ይዘዋል። ይሄ ባዶ ነው፣ ከሰኞ በኋላ ማሽን ይገባል አሉን። እኔ የት አለሁ ብዬ ጠየቅኩ። ካርታ ላይ የለሽም አሉኝ።»

«ማን ሰጣቸው ወረቀቱን?»

«ከዚህ ነው አሉ። ከአንቺ ቤት።»

እውነቷን ነበር። አንድ ተቋራጭ አሸዋ ለማውጣት ጠይቆ፣ ኃላፊያችን አቶ ኦሞድ ማንም የማያርስበት ቦታ ተለይቶ በካርታ እንዲቀርብላቸው አዝዘው ነበር። የኛ የወረቀት ካርታ እጅግ ያረጀ ስለሆነ ጌታሁን የኢንተርኔቱን ካርታ ሐሙስ ዕለት በገዛ እጁ አትሞ ሰጥቷቸዋል። ደሴቱን ያጠፋው ማክሰኞ ነው። ለቀልድ አጥፍቶት ይሆናል። ሐሙስ ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ሲወጣ ግን ምን እንደጎደለው ያውቅ ነበር፤ ዝም አለ። በደል የምለው ይህን ነው። ፈቃዱ ሰኞ ይፈረማል። ማሽኑ የሚገባው ውኃው ሲጎድል፣ ሴቶቹ በሚዘሩበት ሳምንት ነው። ደለሉ አንዴ ከተዛቀ የዚያ ዓመት በቆሎ የለም፤ የአሪየት ቤት ደግሞ ከዚያ በቆሎ ሌላ እህል አልነበረውም።

«እንሂድና እንለካው» አልኳት።

«አሁን ከውኃ በታች ነው እኮ።»

«ታዲያ ምን ላሳያቸው?»

አሪየት ሞኝ እንደሆንኩ ሁሉ አየችኝ። «እንጨቱን ነዋ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ታንኳው ጥልቁን አልፎ ቡናማው ውኃ መሃል ሲደርስ አየሁት። በየቦታው እንጨቶች ተተክለው ከውኃው በላይ አንድ ክንድ ያህል ወጥተዋል። አንዳንዱ ጫፉ ላይ ጨርቅ፣ አንዳንዱ የተጠለፈ ሣር ታስሮበታል። ሴቶቹ ውኃው ጉልበት ድረስ ሲወርድ ገብተው፣ መሬቱ ገና ሳይታይ፣ የየራሳቸውን ወሰን ይተክላሉ። ያንቺ የኔ የሚል ጠብ ካለም የሚያልቀው እዚያው፣ ውኃው ውስጥ ቆመው ነው።

«ይሄ የኔ ነው። እዚያ ድረስ» አለች አሪየት። «ያኛው የእህቴ። ባለፈው ዓመት አንድ እርምጃ ገፍታኝ ነበር፤ ዘንድሮ መልሻለሁ።»

«ውኃው አይወስደውም?»

«የሰነፍ እንጨት ይወስዳል።»

ውኃ ላይ ድንበር የለም ብዬ ነበር። ይኸው አለ፤ የሚጠብቀው ሰውም አለ። ከታንኳው ወርጄ ቀሚሴን ጠቅልዬ ከእንጨት ወደ እንጨት ሄድኩ፤ አሪየት አዞ እንዳይኖር ከፊቴ ውኃውን በመቅዘፊያ እየመታች። በእያንዳንዱ እንጨት ሥር ጂፒኤሱን እያበራሁ ቦታውንና አሪየት የነገረችኝን የባለእንጨቷን ስም ጻፍኩ። ሠላሳ ሰባት እንጨት። ፎቶም አነሣሁ። ስንመለስ ሴቶቹ ዳር ላይ የተጠበሰ ዓሣ በበቆሎ ገንፎ አበሉን። እግሬ ከውኃው የተነሣ ተሸብሽቦ ነበር፤ ምግቡ ግን እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

ሰኞ ጠዋት አቶ ኦሞድ ከመፈረማቸው በፊት አዲሱን ካርታ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁት። መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄ ነጥብ ምንድን ነው፣ ዘሀራ?»

«እንጨት ነው።»

«የማን እንጨት?»

ስሞቹን ሰጠኋቸው። በጣታቸው እየተከተሉ አንድ በአንድ አነበቡ፤ አንዷ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ይቺማ አክስቴ ናት» አሉ። የጌታሁንን ወረቀት አንሥተው ከኔው ካርታ ጎን አስቀመጡና «ይህን ማን አተመው?» አሉ።

ተናገርኩ። ጌታሁን ተጠራ።

«ጨዋታ ነበር» አለ። «እኔና ዘሀራ እንዲህ እንጫወታለን።»

«ከኔ ጋር ግን አልተጫወትክም» አሉት። ተቋራጩ ማንም ወደማያርስበት፣ ከከተማው በላይ ወዳለው የወንዙ ጥግ ተላከ። አሪየት በቆሎዋን ዘራች።

ዛሬ በየስልኩ ካርታ አለ። ሰዎች ሲከፍቱት ወንዙንና ደሴቱን ያያሉ፤ ማን ሄዶ እንዳየው አይጠይቁም። እኔም አልጠይቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ የምናብ አገር ነው ብዬ አንድም ነገር አላጠፋሁም፤ «አጥፊው» ቢሉኝም መጀመሪያ እዚያ ያለ ሰው ፈልጌ እጽፋለሁ። ቂም ትይዣለሽ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እይዛለሁ። ቂም የማይዝ ሰው ሐሙስ ዕለት ማን እንዳተመ ይረሳል።

ደሴቱን በዚያው ሳምንት ከነእንጨቶቹ ፎቶ ወደ ካርታው መለስኩ፤ ማንም አልነካውም። በመጋቢት ጌታሁን ለቡድን መሪነት ሲወዳደር የባልደረቦች አስተያየት ተጠየቀ። «መሬቱ ሰው እንዳለበት እያወቀ ባዶ ነው ብሎ አትሟል» ብዬ ጻፍኩ። ቀን ጻፍኩበት፤ ፈረምኩ። ሹመቱን አላገኘም።