ስንቅ አቀባዩ

በቀይ ሽብሩ ዘመን ጎሬ ላይ፣ ከእስር ቤት ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ሸዋርካብሽ ያን ሰው በስሙ አታውቀውም። ከመቱ እየመጣ ለታሰረ ወንድሙ ስንቅ ያቀብላል። ከዚያ ክርኑ የተጣፈ ኮቱን ሰብስቦ ይቀመጥና ወረቀት ላይ ቁጥር ይጽፋል፣ ይሰርዛል።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። እኔ በኮምፒውተሩ ቦታ ሆኜ ትእዛዙን አንድ በአንድ እከተላለሁ፤ ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ መቆም አለመቆሙን ለማወቅ።»

«ታዲያ ያውቃሉ?»

«ከቆመ አያለሁ። ካልቆመ ግን በኋላ ይቁም፣ ጨርሶ አይቁም፣ በመከተል ብቻ አይለይም።» ቀና ብሎ ፈገግ አለ። «ወንድሜስ ደህና ነው። ዛሬም ስንቁን ተቀበሉኝ።»

የእሷንም ስንቅ፣ እዚያው ታስሮ የነበረው ባሏ ከሞተ በኋላ እንኳ ሲቀበሏት ከርመዋል። ልትነግረው አፏን ከፈተችና ሻይ ጨመረችለት።