ዲሹ የታጠበ ቀን

የጋለ ሪሲቨር ሽታ ታውቃለህ? አቧራና ፕላስቲክ አብረው ሲሞቁ የሚያወጡት ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ አሮጌ ሪሲቨር ነቀምቴ ወዳለው ሱቄ አመጣ። ክዳኑን ስከፍተው ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ወዲያው በሐሳቤ ወዳደግኩበት ሰፈር፣ ወደ በከኒሳ ቀሴ፣ አዮ የምንላቸው ሴት ግቢ ገባሁ።

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጉራ አይሁንብኝና፣ በሰፈራችን ዲሽ በማስተካከል የሚደርስብኝ አልነበረም። ወንዶቹ ግማሽ ቀን ሲያላጉት የዋሉትን እኔ በአሥር ደቂቃ እጨርሰዋለሁ። ምስጢሩ ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ይወጣል፤ ስትሬንግዝና ኳሊቲ። ስትሬንግዝ ዲሹን ወደ ዶሮ ቤት ብታዞረውም ዘጠና ሊል ይችላል፤ ገመዱ ደህና ነው ማለት ብቻ ነው። ሳተላይቱን ለማግኘትህ ምስክሩ ኳሊቲ ነው። ወንዶቹ ስትሬንግዙን አይተው ይጨፍራሉ፤ እኔ ኳሊቲውን አይቼ እስቃለሁ።

ዛሬም ሥራዬ ከዚያ አልራቀም፤ ኢንተርኔት እዘረጋለሁ። ደንበኛ «ይሄ ባንድዊድዝ የምትሉት ምንድነው? ስንት ሜጋ ይበቃኛል?» ሲለኝ፣ «የቧንቧ ስፋት በለው፤ ቤተሰቡ ሁሉ አንዴ ልጠጣ ካለ በቀጭን ቧንቧ አይሆንም» እለዋለሁ። ይገባዋል። የአዮን ነገር ግን እስከ ዛሬ ለማንም አስረድቼ አላውቅም።

አዮ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ «አዮ»፣ «እናት» እያለ የሚጠራቸው። አንድ ልጃቸው አባቱን ተቀይሞ አዲስ አበባ ከገባ ሰባት ዓመቱ ነበር። ለአባቱ ቀብር እንኳ አልመጣም። በዓመት አንዴ ቢደውል ነው። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ደወለና «ነገ በዘጠኝ ሰዓት የቸርቻችን ኳየር በቴሌቪዥን ይቀርባል፤ እኔም አለሁበት፣ እዪኝ» አላቸው።

እሁድ ከቸርች እንደተመለሱ ግቢውን ጠረጉ፣ የቴሌቪዥኑን ዳንቴል ቀየሩ፣ የክት ቀሚሳቸውን ለበሱ። ቀና ሲሉ ዝቅ ካለው የማድቤት ጣሪያ ጫፍ ላይ ያለው ዲሽ ጭቃ ለብሷል። በርጩማ ላይ ወጡና በሳሙናና በጨርቅ እሽት እሽት አድርገው አጠቡት! ዲሽ ደግሞ አንድ ጣት ከተነቃነቀ ሳተላይቱ እልም ነው። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ተጠርቼ ሄድኩ። ኳሊቲ ዜሮ።

«አዮ! ምን ነካዎት?»

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ እንግዳ ሲመጣ ደጅ አይጸዳም እንዴ?» አሉኝ። የሳሙናው አረፋ ክንዳቸው ላይ ገና አልደረቀም።

«አይዞዎት፣ አመጣዋለሁ» አልኳቸው። ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

ተከራያቸው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር። እሱ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ቁጥሩን ሊጮህልኝ፣ እኔ ጣሪያ ልወጣ ተስማማን። የመምህሩ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም፤ የዲሽ ኦሮምኛ ግን አስተምሬዋለሁ። «ዱፌ?» እላለሁ፣ መጣ ወይ ማለቴ ነው። «ህንዱፍኔ!» ይላል፣ አልመጣም። ጥፍር ታህል ወደ ግራ፣ ጥፍር ታህል ወደ ቀኝ። ቆርቆሮው ጉልበቴን ይጠብሰኛል።

«ህንዱፍኔ! ... ኧረ ቆይ ቆይ ... ዱፌራ! መጣ! ኳሊቲ ሰባ!»

መዝሙሩ በመስኮት ወጣ። ብሎኑን ላጥብቅ ብል ጥርሱ አልቋል፤ ስለዚህ ዲሹን በሁለት እጄ ደግፌ ቀረሁ።

«ይኸው! ኢልማኮ፣ ይኸው ልጄ! እንዴት ከስቷል!» ሲሉ ሰማሁ። ወዲያው ደግሞ «ወዴት ወሰዱት?» አሉ።

«ካሜራው ሌሎቹን እያሳየ ነው፣ ይመለሳል» አለ መምህሩ።

ሲመለስላቸው እልልታቸውን አቀለጡት። ደነገጥኩ፤ ዲሹ ከእጄ ዞረ፤ መዝሙሩም ተቆረጠ።

«ቆዩ፣ አሁን እመልሰዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

«እንዳትነኪው!» አሉ አዮ። እንዲያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም።

ወርጄ ገባሁ። ሪሲቨሩ የመጨረሻውን ምስል እንደያዘ ደርቋል። ልጃቸው ብቻውን፣ አፉን ለዜማ እንደከፈተ፣ ትከሻው በትንንሽ አራት ማዕዘን ተቆራርጦ ቀርቷል። አዮ ወንበራቸውን አስጠግተው ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል።

«አዮ፣ ፕሮግራሙ እያለፈብዎት ነው። ሁለት ደቂቃ ይስጡኝ።»

«ይለፍ። ከተንቀሳቀሰ ይወስዱብኛል። እንዲህ ይቁምልኝ።»

እውነቱን ልንገርህ፣ ተናደድኩ። ሙያዬ የተናቀ መሰለኝ። መምህሩ ግን «ተያቸው እቴ» ብሎ ክንዴን ያዘኝ። አሥር ሰዓት ሆነ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ፊቱ ላይ ስታርፍ በነጠላቸው ከለሉለት። በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው፣ ስለ አባቱ ሕመም ያወሩለት ጀመር፤ አባቱ መጨረሻ ላይ የልጁን ስም እየጠራ እንደነበር ነገሩት። ያኔ ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ፤ ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም መብራት ጠፋ።

መብራቱ ሲመለስ ያ ምስል እንደማይኖር ከሦስታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አዮ የጠቆረውን ስክሪን ጥቂት አዩት። ከዚያ ተነስተው ነጠላቸውን አጣፉ።

«ገለቶሚ፣ ኢንተላኮ» ብለው አመሰገኑኝ። እስከ ግቢው በር ሸኙኝና ቁልቁል ወደ መናኸሪያ የሚወስደውን መንገድ ቆመው አዩ።

«ምን ዓይነት ልጅ ነው» አሉ፣ «እህል እንኳ ሳይቀምስ ይሄዳል?»