የሐመልማል የዘጠኝ ቀን ዝምታ

አሰላ ላይ የተወራው፣ ሐመልማል የሆስፒታሉን ኮምፒውተር አስደግማበታለች ተብሎ ነው። አለቃዋን አቶ ጌትነትን ለማዋረድ ከአርቦዬ ደብተራ አስመጥታ ጠረጴዛው ስር አንድ ነገር አስቀብራለች አሉ። የተቀበረው ምን እንደሆነ ግን አውሪዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም፤ ለአንዱ የጥቁር ዶሮ እግር ነው፣ ለሌላው ሰባት መርፌ።

ውሸት ነው። ሐመልማል ደብተራ የሚባል ሰው ደጅ ረግጣ አታውቅም። ያደረገችው ከዚያ ይብሳል፤ ዝም አለች።

ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራዋ መሳል ነበር። የካንሰር በሽተኛ የጨረር ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ሲቲ የሚባለውን የውስጥ አካል ምስል ይነሳል። ከዚያ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በየምስሉ ላይ፣ የሚመታው እዚህ ነው፣ የማይነካው ልብ ይሄ፣ ሳንባ ይሄ፣ ህብለ ሰረሰር ይሄ እያለ በመስመር ይከባል። ለአንድ በሽተኛ ሁለት ቀን ይፈጃል። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ይዞት ምግብ አልወርድ ያለው ሰው በአርሲ ብዙ ነውና ሐመልማል ከአራት መቶ በላይ ደረት ስላለች። ከስር የሚፈርመው ጌትነት ነው።

ኋላ ራሱ የሚማር ፕሮግራም መጣ። የተማረው ከእሷ አራት መቶ ሥዕል ነው። የሁለት ቀኑን ሥራ በሁለት ደቂቃ ይጨርሰው ጀመር፤ ልብን ስትከብ በግራ በኩል ሰፋ የማድረግ ልማዷን እንኳ ሳይተው። ጌትነት አዳማ ድረስ ሄዶ «የክፍሌ ውጤት» እያለ ንግግር አደረገበት፤ ስሟን አላነሳም። ሲመለስ «ሐሙዬ፣ አሁንማ አረፍሽ» ብሎ ካርድ ክፍል መደባት።

ሰባት ወር ካርድ እያወጣች ቂሟን ቀለበችው። ጌትነት በመስኮቷ ሲያልፍ «ሰላም ነው?» ይላታል። «ይመስገን» ትለዋለች። በሆዷ የምትለው አይጻፍም።

እትዬ ተሻለች የሚባሉ የሳጉሬ ሴት ደግሞ ሲቲ ተነስተው ተራ ይጠብቁ ነበር። በየጠዋቱ መስኮቷ ላይ መጥተው «ዛሬስ ደረሰልኝ ልጄ?» ይላሉ። አልደረሰም። ፕሮግራሙ ህብለ ሰረሰራቸውን ወደ ትከሻቸው እየጎተተ ይስለዋል፤ ጌትነት እየሰረዘ መልሶ ያስለዋል። በእጁ እንዳይስለው፣ ከሳለ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

አንድ ጠዋት የሐመልማል ዓይን የሴትዮዋ አንገት ላይ አረፈ። ማተባቸው ላይ አውራ ጣት የሚያህል የብር መስቀል ተንጠልጥሏል።

«እትዬ፣ ፎቶ ሲያነሱዎት ይሄን አላወለቁትም?»

«ማተቤን? ያ ፎቶ የሚያነሳው አዲሱ ልጅ፣ ለሊሳ፣ ‹ሃዳ ኮ፣ እናቴ፣ ይፍቱልኝ› አለኝ። እምቢ አልኩት። ጨዋ ነው፤ ወደ ማጅራቴ ገፋ አድርጎ ተወኝ።»

ነገሩ ገባት። ብረት ሲቲ ምስል ላይ ነጭ ጭረት ይረጫል። በእሷ አራት መቶ ሥዕል ውስጥ ግን አንድም ጭረት የለም። ያኔ ሲቲ ክፍል ገብታ የክርስቲያኑን መስቀል፣ የሙስሊሙን ክታብ፣ በገዛ እጇ ታዛውር ነበር። መጀመሪያ አዲስ ክር እጃቸው አንጓ ላይ ታስራለች፤ አሮጌውን የምትፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ማንም ለአፍታ ባዶውን አይቀርም፣ ማንም እምቢ አይላትም። ይህን የጻፈው ሰው የለም። ጭረት አይቶ የማያውቀው ፕሮግራም ጭረቱ አጥንት መሰለው።

አንድ ቃል ቢወጣት ባለቀ ነበር። «እስቲ በእጁ ይሳላ» አለች በሆዷ። በሦስተኛው ቀን ጌትነት ኮሪደር ላይ ጸጉሩን ሲያክ አይታ ምሳዋ ጣፈጣት። በስድስተኛው ቀን አዲስ አበባ ያሉትን የፕሮግራሙን ባለሙያዎች በስልክ ሲለማመጥ ሰማችና፣ አንድም ቃል እንዳያመልጣት በሯን ገርበብ አደረገች።

በዘጠነኛው ቀን እትዬ ተሻለች አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው መጡ። ጉንጫቸው ሰርጉዷል። አንዴ ፉት አሉ፤ ተመልሶ ወጣ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ይቅር በይኝ ልጄ፣ መስኮትሽን አበላሸሁት» አሏት።

ቂሟ አልበረደም። ግን የሚደርቀው ጌትነት ሳይሆን እኚህ ሴት እንደሆኑ አየች።

እጃቸውን ይዛ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ሲቲ ክፍል ገባች። ከነጠላቸው ጠርዝ ክር መዝዛ አንጓቸው ላይ አሰረች፤ ከዚያ ማተቡን ፈትታ መስቀሉን አዛወረች። ሴትዮዋ ራሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉላት። ለሊሳ እንደገና አነሳቸው። ፕሮግራሙ በሁለት ደቂቃ ህብለ ሰረሰሩን ቦታው ላይ ሳለው።

ከሰዓት በኋላ ጌትነት ነገሩን ከለሊሳ ሰምቶ ካርድ ክፍል መጣ። በመስኮቱ ፊት ሰልፉ እስከ በሩ ነው።

«ይሄን ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ዘጠኝ ቀን ሆነኝ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ካርድ ክፍል አይደለሁ? የማወጣው የተጠየቅኩትን ነው።»

ከሰልፉ አንዱ ሳቀ። ጌትነት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በቃ፣ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ቦታሽ ተመለሺ» አላት።

ሐመልማል አላመሰገነችውም። ተነሳችና ወንበሯን እየጎተተች አምጥታ ፊቱ አቆመችው።

«እመለሳለሁ፤ ይሄ መስኮት ግን ሰው ይፈልጋል። እርስዎ ይቀመጡበታል ወይስ ፕሮግራሙን ነው የሚልኩት?»